የማን ፍንጣሪ

የሺሀረግ የባሏን ራስ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥባለች። ገረዝጊሄር የጋራዥ ሰው ነውና ግራሶው ከፀጉሩ ሥር ይገባል፤ ለብቻው የታጠበ ዕለት ትራሱ መኪና የተፈታበት ይመስላል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠውና እንደ ሕፃን ታሸዋለች። በአስመራው የእዳጋ ሓሙስ ሰፈር ጎረቤቶች ይህን እያዩ ምን እንደሚሉ ታውቃለች፤ ግድ ግን የላትም። ነፃነት የመጣ ሰሞን ወገኖቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጎንደር ሲመለሱ “ባሌ እዚህ፣ እኔ የት?” ብላ የቀረች ሴት በጎረቤት ወሬ አትሞትም።

ያን ቅዳሜ ጣቷ ከቀኝ ጆሮው ጀርባ፣ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ላይ ቆመ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ስኬጃ” አላት፣ ሳሙና እንዳይገባበት ዓይኑን እንደጨፈነ። “ፍንጣሪ ነዋ።”

በዚያ ዘመን በአስመራ ይህ መልስ ማንንም አያስደንቅም። ከተማዋ በታጋዮች በተከበበችበት ጊዜ ከጋራዡ ማዶ መድፍ ወድቆ ትከሻውን ፍንጣሪ በሳስቶት ነበር፤ አንዳንዱን ሐኪም አወጣለት፣ የቀረው በጊዜው ቆዳውን እየገፋ ራሱ ወጣ። በገላው ብረት የያዘ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ እብጠት ሲታይም ሰው የሚያስበው ብረት እንጂ በሽታ አይደለም። መድፉን የትኛው ወገን፣ ሠራዊቱ ይሁን ታጋዮቹ፣ እንደተኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ገረዝጊሄር ታጋይ ከነበረው ከታናሽ ወንድሙ ከዘርዓይ ጋር ሲሆን “የእናንተ ናት” ይላል፤ ከሚስቱ ጋር ሲሆን ደግሞ “የወገኖችሽ ስጦታ” እያለ ይተርባታል። እሷም አትተኛለትም፤ “የእኛማ ብትሆን አትስትህም ነበር” ትለዋለች።

ያን ቀንም ተባባሉ፤ ሳቁን ግን ሳል አቋረጠው። ሳሉ ክረምቱን ሙሉ አብሯቸው ከርሟል። ከሲጋራው ነው ስትለው ከብርዱ ነው ይላታል።

ሽምብራዋ ባቄላ አከለች። ብረት ያድጋል እንዴ? የሺሀረግ ጥያቄውን ለማንም አላነሳችም፤ በአፏ ካወጣችው እውነት የሚሆን መሰላት። ቅዳሜ ባይመጣ ብላ መመኘት ጀመረች።

በመጨረሻ ዘርዓይን ጠራችው። ዘርዓይ በረሃ ሳለ ቁስለኛ ያክም ነበር፤ ከስንቱ ታጋይ ገላ ብረት የነቀለ እጅ ነው። እብጠቱን ዳሰሰና “ስኬጃ እዩ። ኣይትፍርሒ ሓፍተይ፤ አትፍሪ እህቴ፣ ቀላል ነው” አላት። ምላጩን ቀቀለ፣ ማደንዘዣ ወጋ፣ እሷን የብረት ሳህን አስያዛት። የበረሃ ልማድ ነው፤ የወጣውን ፍንጣሪ ሳህን ላይ ይጥሉታል፣ ቁስለኛውም ቃጭ ሲል ሰምቶ እፎይ ይላል።

ምላጩ ከመንካቱ በፊት ገረዝጊሄር የሚስቱን ቀሚስ ጎተት አደረገ።

“እሱ ያባብለኛል፣ ሐኪምም ያባብለኛል። አንቺ ግን እንዳትዋሺኝ።”

“እሺ” አለች።

ዘርዓይ ቀደደ፣ ፈለገ፣ እንደገና ፈለገ። የሺሀረግ ቁስሉን ማየት ስላልቻለች የሚያየውን ሰው ፊት አየች፤ የሱም ፊት አመድ መስሏል። ብረት የለም። ያለው ግራጫ፣ ድርቅ ያለ ሥጋ ነው፤ በነኩት ቁጥር ይደማል። ዘርዓይ ከሥጋው ቆርጦ ሳህኑ ላይ አኖረና ቁስሉን ሰፋው።

“ወጣች?” አለ ገረዝጊሄር።

“ወጣች” አለው ወንድሙ።

“ሳትጮህ?”

“ትንሽ ስለሆነች ነው” አለ ዘርዓይ። የሺሀረግ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ሥጋው ሆስፒታል ሄዶ ተመረመረ። ገረዝጊሄርም ለሳሉ ነው ተብሎ ደረቱን ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ በሽተኛውን ደጅ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው የሺሀረግንና ዘርዓይን ወደ ውስጥ ጠሯቸው። ክፉ ወሬ ለዘመድ እንጂ ለታማሚ አይነገርም፤ ወጉ እንዲህ ነው።

“ነቀርሳ ነው፤ የተነሣውም ከሳንባው ነው” አሏት። “አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ነው የሚሄደው። የራስ ቆዳ ላይ ሲወጣ እምብዛም አላየሁም። ግን ይወጣል፣ እመቤቴ። ጡንቻም ውስጥ ይገባል።”

“ሁሉንም ቆርጣችሁ ብታወጡትስ?”

“እንግዲህ አይለቀምም። ጊዜውም ረጅም አይሆንም።”

የሺሀረግ ቆሌዋ ተገፈፈ። መሞቱ ያስፈራታል፤ ይበልጥ ያስፈራት ግን ነገሩ በባሏ ገላ ውስጥ እንዳሻው መዘዋወሩ፣ አሁንም የት እንዳደፈጠ አለመታወቁ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ፈርታም ጠልታም ነበር።

“አይነገረውም” አላት ዘርዓይ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። “ስኬጃ ነበር እንበለው። በእናትሽ።”

በማግስቱ ዘርዓይ ከበረሃ ያመጣትን አንዲት የብረት ስባሪ ከኪሱ አውጥቶ በወንድሙ ፊት ሳህን ላይ ጣላት። ቃጭ አለች። ገረዝጊሄር አነሣት፣ በጣቶቹ መሃል አገላበጣት። ከዚያ “የቐንየለይ፣ ሓወይ” ብሎ ወንድሙን አመሰገነና ኪሱ ከተታት። የሺሀረግ ሻሂ ልታመጣ ነው ብላ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አልዋሸችም፤ ግን ውሸቱን ቆማ አይታዋለች።

ቅዳሜ መጣ። ከጆሮው ጀርባ ያለውን ስፌት እየሸሸች ፀጉሩን አጠበች። ውሃው በአንገቱ ሲወርድ ልትጠርግለት ትከሻውን ዳበሰችው፤ እጇም ሥጋው ውስጥ ጠለቅ ያለ ሌላ ጠጣር ነገር አገኘ። ከፊተኛው ይበልጣል። ጣቷን ማንሳት አቃታት።

“ምን አገኘሽ?” አላት።

“ምንም” አለችው። “ፍንጣሪ ናት። ያኔ የቀረች።”

በአፉ ላይ የወረደውን አረፋ በመዳፉ ጠረገ።

“የማን?”

ይህን ጨዋታ ታውቀዋለች። መልሱንም ታውቀዋለች፤ እንደ ልማዷ መሳቅ፣ እንደ ልማዷ መመለስ ነበረባት። ፍርሃቱ ግን ቃሉን ከአፏ ነጠቃት።

“የእኛ” አለች። “የወገኖቼ ናት፣ ገሬ። ይቅር በላቸው።”

ገረዝጊሄር በሳሙና የራሰ እጇን ከትከሻው ላይ ያዘ። ዓይኑን አልገለጠም።

“ይህን ያህል ዓመት ስተርብሽ አንድ ቀን እንኳ አምነሽልኝ አታውቂም” አላት። “ከእናንተም አይደለች፣ ከእነ ዘርዓይም አይደለች። የራሴው ናት አይደል?”

እጇን ለቀቀላትና አንገቱን ዝቅ አደረገ።

“በይ አለቅልቂኝ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ።”