«አይ» ያለው ደብዳቤ

አባቴ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ፍሬን ሲጠግን ኖሮ ሁለት ነገር ተጣብቆበት ቀረ፤ የእጁ ግራሶና የአፉ እንግሊዝኛ። ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፣ ሁሉም «ዲክሽነሪ» ነው የሚለው። ቅር ይለዋል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ደረቱን ይነፋል እንጂ።

ሙያውንም ቋንቋውንም እኩል አስተማረኝ። የፍሬን ሸራ ስቀይር አጠገቤ ቆሞ ዓረፍተ ነገር ያስጨርሰኛል። በተለይ የማወዳደሪያዋ «ዛን»፣ የእኛዋ «ከ»፣ ስትመጣ ምሕረት የሚባል ነገር አያውቅም። ከእሷ ቀጥሎ «እኔ» ለማለት «ሚ» ካልኩ አለቀልኝ።

«‹ሚ› የሰነፍ ነው! ከ‹ዛን› በኋላ ሁልጊዜ ‹አይ› ነው!»

«አይ አባዬ!» ስለው ደግሞ «ጎሽ፣ አሁን ገባሽ» ብሎ ያሾፍብኛል።

ባለፈው ወር አንድ ትልቅ የአውቶቡስ ድርጅት የፍሬን ክፍል ኃላፊ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ሥራውን እንዴት እንደፈለግኩት አትጠይቁኝ። አሥራ አንድ ዓመት መኪና ሥር ተንጋልዬ ስሠራ ሰው የሚያውቀኝ «የዲክሽነሪ ልጅ» እያለ ነው። አንድ ቀን በራሴ ስም መጠራት አማረኝ። አባዬ በእንግሊዝኛ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ፣ በፈተናው ቀንም ካፖርቱን ለብሶ አብሮኝ መጣና ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

የተግባር ፈተናውን አንድም ሳልስት ጨረስኩ። ከዚያ ሦስት ፈታኞች ወደተቀመጡበት ቢሮ አስገቡኝ። ሰብሳቢዋ ኢንጂነር መነጽሯን አስተካክላ ደብዳቤውን አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«ይህን የጻፉት አባትሽ ናቸው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አያምኑሽም?»

ክው አልኩ። ወረቀቱን አዞረችልኝ። አባዬ ሊል የፈለገው «ሾፌሮቹ ከእኔ ይበልጥ እሷን ያምናሉ» ነው። የእኛ «ከእኔ» ደግ ናት፣ ሁሉንም ትሸከማለች። እንግሊዝኛው ግን ምረጥ ይላል። «ዛን ሚ» ቢል ኖሮ «እኔን ከሚያምኑኝ ይበልጥ» ይሆንልኝ ነበር። እሱ ግን «ዛን አይ» ብሎ አረፈው፤ «እኔ ከማምናት ይበልጥ»። ፍሬን ላይ የገዛ አባቷ የማያምናትን ሴት ማን ይቀጥራል?

ተናደድኩ፣ በእሱም በራሴም። ፖስታውን ከፍቼ ባየው ምን ነበረበት? አሁን «አባቴ ተሳስቷል» ብል በሩ ክፍት ነው፣ ይሰማኛል። ዝም ብል ሥራው ሄደ። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩና ጠራሁት።

«አባዬ፣ ና እስቲ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ጨርሳት። ‹ዛን አይ› ካልክ በኋላ የተውከው ግስ ምንድን ነው?»

ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ወረቀቱን ከዓይኑ አራቀ፣ መልሶ አቀረበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ በልቡ ግሱን እየጨመረባት ነው። «ሾፌሮቹ ያምኗታል... እኔ ከማምናት...» አለና ቆመ። እድሜ ልኩን ሲያርም እንጂ ሲታረም አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላኝ።

ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። «እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»

«አይ»ን ሰርዞ «ሚ» ብሎ ጻፈ፤ አጠገቧም ፈረመ።

«ልጄ ከድሮም ልክ ነበረች» አለ። «እኔ የሠራሁትን ፍሬን እሷ ሳታየው ከጋራዥ አላስወጣም። መጻፍ የነበረብኝ ይሄን ነው።»

ሰብሳቢዋ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ፈታኞች አየቻቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያው ቅጹን ስባ የእኔን ስም፣ የእኔን ብቻ፣ ከላይ ጻፈች። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

ውጭ በር ላይ ጥበቃው «እሺ አባት፣ ልጅዎ አለፈች?» አለው።

አባዬ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ «ሺ ኢዝ ቤተር ዛን ሚ!» ከእኔ ትበልጣለች ማለቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህች ጋ በእሱ የድሮ ሰዋስው ትክክሏ «አይ» ነበረች። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳትና ክንዱን ይዤ መንገዱን ተሻገርን።