ነጭ ሽንኩርት የገባበት አረቄ

ፈትለወርቅ ለባሏ ስትል የአረቄ ማውጫ እንስራዋን በገዛ እጇ ድንጋይ ላይ ከስክሳዋለች። ብልባላ ውስጥ እንደሷ አረቄ የሚያወጣ አልነበረም። ታዲያ ባሏን አረጋን ሳምባ ነቀርሳ ይዞት መድኃኒት ሲጀምር፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር መቅደላዊት "አንዲት መለኪያ እንዳትቀምስ" አለችው። "አረቄ ሆድ ከገባ በኋላ ጉበት ሲያብላላው ሌላ መርዝ ይወጣዋል። በሽታን የሚዋጉትን የሰውነት ጠባቂዎች የሚያደክመው እሱ ነው። እነሱ ከደከሙ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?" አረጋም የንስሐ አባቱን መስቀል ስሞ ማለ። እሰየው! ከዚህ በላይ ምን ትፈልግ?

ሳሉ ግን ጋብ ብሎ እንደገና አገረሸ። ሸሚዙ ሰፋው። ሲስተር "ይጠጣል እንዴ?" ብትላት ፈትለወርቅ ቱግ አለች።

"የኔ ባል? ቅዱስ ላሊበላን! ጠብታ ባፉ አልዞረም!"

አረጋ አጠገቧ ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

ከጤና ጣቢያው ስትመለስ ባሏን ወደ ቤት ልካ፣ ሽሮ ልትወስድ እናቷ ቤት ጎራ አለች። ከጎታው ጀርባ ጠርሙስ አገኘች፤ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ፣ ግማሹ ጎድሏል።

"ይሄ የማነው እማዬ?"

"የአረጋ ነዋ! ጠዋት ጠዋት እየመጣ ክኒኑን በሱ ያወራርዳል። ለሳል መድኃኒት አይደል?"

"ማን ፈቀደለት?"

እማማ ጥሩነሽ ግራ ገባቸው። "አንቺ ነሻ! 'ፈትለወርቅ ናት የላከችኝ፤ ሲስተሯም ሽንኩርት ከገባበት አይጎዳም ብላለች' አለኝ። አማቼ ነው፣ እንዴት እምቢ ልበለው?"

ፈትለወርቅ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስታ የጎደለውን አየች። መጠጣቱስ ይጠጣ፣ በሷ ስም? የገዛ እናቷን አታሎ? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ኖሯል! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለተሰበረው እንስራ አልነበረም፤ ባሏ መስቀል ስሞ ለማለው ለዚያ መሐላ ነው።

"ሽንኩርት ቢሞላበትም አረቄ ያው አረቄ ነው እማዬ" አለች። "ስንገድለው ነዋ የከረምነው!"

በነጋታው ባሏን ይዛ ጤና ጣቢያ ቀረበች። ሲስተር ያንኑ ጥያቄ ደገመች። አረጋ ሚስቱን አየ፤ እንደ ትናንቱ እንድትምልለት ነበር የፈለገው።

"እኔን አትየኝ" አለችው። "ላንተ ብዬ ቅዱሱን በሐሰት ጠርቻለሁ። ከእንግዲህ በገዛ አፍህ ተናገር።"

አረጋ አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው። ፈትለወርቅ እንደ ልማዷ ጀርባውን ልትደግፍ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።