የተመለሱ ብልቃጦች

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ገባች፤ እያለቀሰች በተደረደሩት ወንበሮች መሀል አለፈች፤ ጓዳ ስትደርስ ግን እንባዋን ጠረገችና ከሻርፗ ሥር ብልቃጥ አውጥታ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ሟቿ ሠርታ የሰጠቻት የፀጉር ቅባት ነው። ከግማሽ በላይ ይቀረዋል።

ልጅቱ ለለቀስተኛው የሻይ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። እናቷን የቀበሩት ትናንት ነው። ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው የምትመልሽው ብላ ጠየቀቻት።

«ለእኔ አልተስማማኝም የኔ እናት። ራሴን በላኝ። አንቺም ብትተዪው ይሻልሻል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ወደ ሳሎን ተመለሰችና ካቆመችበት ማልቀስ ቀጠለች።

ጠዋት የመጣችው ነርስም እንዲሁ ብልቃጧን ትታ ሄዳለች። ከእሷ በፊት ደግሞ እንቁላል ሻጯ። ሰው ሲሞት የተዋሱትን ድስት የሚመልሱ አሉ፣ ያባት ነው። ልቅሶ ሊደርሱ መጥተው የሟችን የእጅ ሥራ እንደ ተበላሸ ዕቃ የሚመልሱ ሰዎች ግን ልጅቱ አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁ።

የልብስ ሰፊዋን ብልቃጥ ከፍታ አሸተተችው። ሽንኩርት ነው! ሴትየዋ ስልክ ላይ ያየችውን የሽንኩርት ጭማቂ ጨምራበታለች። ዘይት ውስጥ ውሃ ያለው ነገር ከገባ ይበላሻል፤ የተበላሸ ነገር የተቀባ ራስ ደግሞ ምን ይሁን፣ ያሳክካል እንጂ። እናቷ ብትኖር «አንቺ ሴት፣ ልትጠብሺበት ነው ወይስ ልትቀቢው?» ብላ ታስቃት ነበር።

ጉዳዩ የሽንኩርት አለመሆኑን የነገሯት የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚላቸው። ጓዳ ገብተው በሩን ገፋ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሯት። ሬሳውን ያጠቡት ሴትዮ አፋቸው አላረፈም። ሻሹን ሲፈቱት ራሷ ላይ አንዲት ፀጉር አልነበረም ብለዋል። ከዚያማ ወሬው እግር አወጣ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ፀጉር ስትቀባ የኖረችው ሴትዮ ራሷ መላጣ ናት! ቅባቱ ነው የጨረሳት አለች አንዷ። እያወቀች ነው የሰጠችን አለች ሌላዋ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቀንታብን ነው፣ እንደ እሷ እንድንሆንላት ፈልጋ ነው ወደሚለው ደርሷል። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ ይኼኛው ግን ሳይጫን በገዛ እግሩ ቤት ለቤት ዞሯል።

«ዝም በያቸው» አሉ ቲቸር። «ወሬ ነው፣ ያልፋል።»

ልጅቱ ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች። እናቷ ለምን መላጣ እንደነበረች ታውቃለች። ከእሷና ከአባቷ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም ብላም ታምናለች። ብትናገር የእናቷ ስም ይጸዳል። ብትናገር ደግሞ እዚያ ሳሎን ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ የሚያጽናናው አባቷ ያበቃለታል። በዚያ ላይ ላትናገር ምላለች። «እናቴ ትሙት» ብላ ነበር የማለችው።

ያ ቅባት ሲሠራ ያየ ሰው እኮ ቀንታ ነው ለማለት አፉን አይከፍትም። እናቷ የጥብስ ቅጠሉን ፀሐይ ላይ አታሰጣም፤ ፀሐይ ሽታውን ይሰርቀዋል ትላለች። ጥላ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኘው በኩል፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግታ በየቀኑ ታገላብጠዋለች። ልጅቱ ትንሽ ሳለች ደርቋል፣ ደርቋል እያለች ታስቸኩላት ነበር። እናት አንዱን ዘለላ አንሥታ ልጅቱ ጆሮ ሥር ትሰብረውና ቀጭ አለ? ብላ ትጠይቃታለች። ቀጭ ካላለ ገና ነው፤ ውስጡ ውሃ አለ። እንዲህ እያለች አንዳንዴ ሳምንት ታሳልፋለች፣ ሴቶቹ በር ላይ ሲጨቀጭቋት እንኳ አትሸነፍም።

ሲደርቅ ከአብሽና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ትወቅጠዋለች። ከዚያ ድስት ውስጥ ውሃ ታፈላና ላዩ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጣለች፤ የወይራው ዘይትና የጉሎው ዘይት የተወቀጠውን ይዘው እዚያ ሳህን ውስጥ በእንፋሎት ብቻ ይሞቃሉ፣ እሳት አይነካቸውም። ያጨሰ ዘይት ከገባ ሁሉንም ትደፋዋለች። አንዴ ሙሉ ሳህን ስትደፋ ልጅቱ አልቅሳለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ቅጠል ያገላበጠችው እሷ ነበረቻ። ሲበርድ በስስ ጨርቅ አጥልላ፣ አንድ ጠብታ የእጇ አንጓ ውስጥ ቀብታ ታድራለች። ቆዳዋ ካልቀላ ነው ለሰው የምትሰጠው። መጀመሪያ የራሷ ቆዳ፣ ከዚያ የሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ ይመጣሉ። በተራ አጭሩ በርጩማ ላይ፣ በጉልበቶቿ መሀል ይቀመጣሉ። እሷ ቅባቱን መዳፏ ላይ ታሞቅና ፀጉራቸውን ከፈል ከፈል እያደረገች፣ በጥፍሯ ሳይሆን በጣቶቿ ሆድ ራሳቸውን ታሻለች። እጇ ሥር የገባ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ስንት ቅዳሜ አንኮራፍታለች። የባላቸውን፣ የልጃቸውን፣ የአማታቸውን ነገር ሁሉ ለእሷ ይዘከዝኩላታል። የእሷን ግን ማንም አይጠይቃትም። አንዳንዴ ብቻ አንዷ እየሳቀች «የአንቺንስ ፀጉር መቼ ነው የምታሳዪን?» ትላታለች። እናት ሻሿን ነካ አድርጋ «የእኔን ያያችሁ ቀን የእናንተን ትጠሉታላችሁ» ስትል ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ መጡ። አብዛኞቹ የአባቷ የድሮ ባልደረቦች ናቸው፤ አባትየው ዕድሜውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሰ፣ አሁን እጁ እየተንቀጠቀጠ ማንኪያ መያዝ ያቃተው ሽማግሌ ነው። የእሱ ልቅሶ የውሸት አልነበረም። አንጀት የሚያሳርረውም ይኼው ነው። የውሸት ቢሆን ይቀል ነበር።

ልጅቱ ሻይ በትሪ ይዛ ስትገባ አንዱ ሾፌር ወደ አባቷ ጠጋ ብሎ፣ ይኼ የሚወራው ነገር እውነት ነው ወይ እያለ ሲጠይቅ ደረሰች። በቀስታ የጠየቀ መስሎታል፤ የመኪና ሞተር ያደነቆረው ሰው በቀስታ ማውራት ከየት ያመጣል፣ ሴቶቹም በወዲያ በኩል ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ። ልጅቱ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። አባቷ በሽታ ነው ይበል፣ ትኩሳት ነው ይበል፣ የፈለገውን ይበል፣ ብቻ ያን ቅባት ነፃ ያውጣው ብላ በልቧ ለመነች። ይህን ያህል አይነፍጋትም ብላ ነበር።

አባት መሀረቡን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው።

«ተዪው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት፣ አልሰማ አለች» አለ። «ያ ቅባት ነው ፀጉሯን የበላው። ቢሆንም...» እንባው ቀደመው። «ቢሆንም እኔ አንድ ቀን ጠልቻት አላውቅም። እንደዚያው ሆና ወደድኳት።»

ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባል ማለት እንዲህ ነው አለ ጠያቂው። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን መጠጠች።

የእናቷ ፀጉር እኮ ወገቧ ድረስ ነበር። ቅባቱን መጀመሪያ የሠራችው ለገዛ ራሷ ነው፤ አንድ ወፍራም ጉንጉን አድርጋ ስትለቀው መንገደኛ ዞሮ ያያት ነበር። አንድ ቀን አባት ከረጅም መንገድ ተመለሰ። ምን እንዳናደደው ልጅቱ አታስታውስም፤ ምናልባት ያልተተኮሰ ሸሚዝ፣ ምናልባትም ምንም። የምታስታውሰው ጉንጉኑን እንደ ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ እናቷን ከምድጃው እስከ ውጭው በር መጎተቱን ነው። እናቷ ድረሱልኝ አላለችም። መሬት ለመሬት እየተጎተተች «እሳቱን አጥፊው! ዘይቱ እንዳያቃጥልሽ!» ብላ ነው የጮኸችው። ለልጇ ነው።

በማግሥቱ የባሏን ምላጭ ወስዳ መስታወት ፊት ተቀመጠች። ጉንጉኑን ከሥሩ ቆረጠችው፣ የቀረውን ላጨችው፣ ከዚያ ሻሽ አሰረችበት። ልጅቱ ስታለቅስ እናት በመስታወቱ ውስጥ አየቻትና «አሁን ይምጣ፤ ምኔን እንደሚይዝ አያለሁ» አለች። ከዚያ በኋላም መትቷታል። ጎትቷት ግን አያውቅም። መያዣ የለማ።

ልጅቱ ስታድግ ምላጩን ከእናቷ እጅ ተቀበለች። ትንሽ ጠቆር ማለት ሲጀምር በር ዘግተው ትላጫታለች። አንድ ቀን፣ አባት እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ፣ እማ አሁን እኮ አቅም የለውም፣ አሳድጊው እንጂ አለቻት። እናት ራሷን ወደ እሷ ዝቅ አደረገችና «ላጪው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ያኔ ነው ያስማለቻት። ሰው ከጠየቀሽ ትኩሳት ነው በዪ አለቻት። ልጅቱ ተቆጣች፤ ለእሱ ብለሽ ነው ወይ አለች። «ለእሱ ምን ብዬ!» አለች እናት። «እነዚህ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እግሬ ሥር ሲቀመጡ ያቺ የምትጎተተዋ ናት እንዳይሉኝ ነው። እዚያች ወንበር ላይ እንኳ ሰው ልሁን።»

ልጅቱ ይህን ሁሉ ትሪ ይዛ በቆመችበት አሰበችው። እናቴ ትሙት ብላ ነበር። እናቷ እንደሆነ ሞታለች፤ ያውም ስሟ ጠፍቶ። ትሪውን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ ቅባቱ አይደለም» አለች። አልጮኸችም። «አንተ ጉንጉኗን እጅህ ላይ ጠምጥመህ ከምድጃው እስከ በሩ ስለጎተትካት ነው የተላጨችው። የምላጫት እኔ ነበርኩ። እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ እንዳትይዛት ብላ ነው።»

አባት አላስተባበለም። እጁን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ሁለቱ ጉልበቶቹ መሀል ሸሸገው።

ልጅቱ ጠበቀች። ወይኔ የሚል፣ እንዴት የሚል፣ ቢያንስ ደረቱን የሚመታ ሰው ጠበቀች። አንድም የደነገጠ የለም። ወንዶቹ ጫማቸውን አዩ። ጠያቂው ሾፌር እጁን ሰዶ ከትሪው ላይ ሻይ አነሣ፣ ስኳሩንም ማማሰል ጀመረ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። አዲስ ነገር የሰማ ሰው ዝምታ እንዲህ አይደለም። ልጅቱ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከተች።

«አሁን ይኼ በልቅሶ መሀል የሚነሣ ነገር ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ ለአጠገቧ ሴት። «ማን ያላወቀው ነገር ነው?»

መመታቷንና መጎተቷን ሁሉም ያውቁ ኖሯል። የእናቷ ራስ ባዶውን የተገኘ ቀን ደግሞ ለምን እንደተላጨች ገብቷቸዋል፤ ሞኞች አይደሉም። አባቷን ከማማት ግን ቅባቱን ማማት ይቀላል፤ ቅባት ነገ መንገድ ላይ አይገጥምም። ይኼን ልጅቱ ትችለው ነበር። ያልቻለችው እነዚያን ቅዳሜዎች ነው። እናቷ ለእነዚህ ሴቶች ብላ ሻሽ ስታጠብቅ፣ ለእነዚህ ሴቶች ብላ በሙቀት ራሷን ስታፍን፣ እነሱ በጉልበቶቿ መሀል ተቀምጠው መጎተቷን እያወቁ ራሳቸውን ይታሹ ነበር። ሰው የሆነችበት ወንበር ያ ነበር።

ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ቲቸር ተከትለዋት ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«በግድግዳው እንሰማ ነበር ልጄ» አሉ። «ምን እናድርግ፣ የባልና የሚስት ነገር ሆነብን። እሷም ደብቃው ስናይ፣ ያላወቅን መምሰሉ ይሻላታል አልን።»

«ያን ቀንም ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን በሩን አላንኳኩም?»

 ከሳሎኑ የአባቷ ልቅሶ እንደገና ተሰማ፣ ከላዩም የሚያባብሉት ሰዎች ድምፅ፤ አይዞህ፣ ኀዘን ነው፣ ልጅ ናት፣ የምትለውን የት ታውቃለች ይሉታል። ልጅቱ ያንን እየሰማች ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች። በዚያ ግድግዳ ወዲያ የቲቸር መኝታ ቤት ነው።

ጥቁር ሻሿ ላልቶ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ነበር። ቲቸር እጃቸውን ዘረጉና ከአናቷ ጀምረው እስከ ጫፉ፣ ቀስ አድርገው ዳሰሱት።

«ቁርጥ የእናትሽ ፀጉር» አሉ እያለቀሱ።

ልጅቱ እጃቸውን አንጓው ላይ ያዘችው። ሳትቆጣ፣ ሳትገፋቸው፣ ከራሷ ላይ አንሥታ ወደ ራሳቸው ጉልበት መለሰችውና እዚያው አስቀመጠችላቸው።