የሪሃም ቀኖች

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሺሪን የታመመ ጥርሷን ከፍታ መድኃኒት ካዘዘችላት ሳምንት ሳይሞላ፣ ነቢሃ ጉንጯ እንደ ሊጥ ተነፍቶ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። ባሏ ሸዋድፊ የመጋዝ ብናኙን ከቅንድቡ እንኳ ሳያራግፍ ከአናጢ ቤቱ በጥድፊያ ተከትሏት ነበር። ያስጠራችው አንገቷ ሥር ማበጡን ያየች ጎረቤት ናት እንጂ፣ ነቢሃስ ብትሞትም አትናገርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ የደበቀችው ደግሞ በሽታውን ብቻ አልነበረም።

አንድያ ልጃቸው ሪሃም ባለፈው ረመዳን ኩላሊቷን ታማ፣ ሐኪም ጾም ከልክሏት ነበር። ድና ስትነሣ፣ «አይዞሽ እማ፣ ብርዱ ሲገባ ቀኑ ያጥርልኛል፤ ያኔ እከፍለዋለሁ» አለች። በግብጿ ከተማ በድምያጥ የጾም ዕዳውን ለብርድ ወራት የማያቆይ ማን አለ? ብርዱ ሳይገባ ግን የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠና ሪሃም ሞተች፤ ዕዳዋም ቀረ።

የሟች ጾም በዘመድ ይከፈላል። ነቢሃም ለማንም ሳትናገር መጾም ጀመረች፤ ለሸዋድፊም አልነገረችውም። ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት የልጅቷ ስም አይነሣም። ሪሃም ከተወለደች ጀምሮ «የሪሃም እናት» እያለ ሲጠራት የኖረው ሰውዬ እንኳ አሁን «አንቺ» ብቻ ነው የሚላት። እሷም ስሙን አላስታወሰችውም፤ ስታስታውሰው የሚሰበር መስሏት ፈራች።

ጥርሱ የተነሣባት ዕዳውን ልትጨርስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ነው፤ የረመዳን ጨረቃም ልትታይ ተቃርባ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ቻለችው እንዳልል፣ የምትነክሰው ጥርስ ራሱ ነው የታመመው። ዶክተሯ በየስምንት ሰዓቱ ዋጪ ያለቻትን እንክብል ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ሦስተኛውን ከንጋት በፊት ትውጠዋለች። ቀኑን ሙሉ ምንም አትቀምስም። እልኸኛ ሴት ናት፤ ለሞተች ልጅ ሲሆን ደግሞ እልኽ ልክ የለውም።

ዶክተር ሺሪን ድዷን አደንዝዛ ሰነጠቀችው። መግሉ ሲወርድ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጥርሱንም እንደገና ከፍታ ሥሩን አጠበችና ውሃ ሰጠቻት። ነቢሃ ተጉመጠመጠች፤ ተፋች፤ ደግሞ ተፋች፤ ምላሷን በሶፍት ጠረገች።

«ሐጃ፣ እንዲህ አጥርቶ የሚተፋ ሰው የማየው በረመዳን ብቻ ነው» አለች ዶክተሯ። «ጾመኛ ነዎት እንዴ?»

ነቢሃ ጣሪያውን አየች።

«እንክብሉንስ ሌሊት ሌሊት ነው የሚውጡት ማለት ነው? በዚህ ቁስል? ለበሽተኛ እኮ ተፈቅዷል! ሲድኑ ይከፍሉታል።»

«የኔ ቢሆን አቆየው ነበር፣ ልጄ። የኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሪሃም» አለች ነቢሃ። አፏ ስለደነዘዘ ስሙ ተኮላትፎ ወጣ። በሩ አጠገብ የቆመው ሸዋድፊ ግድግዳውን ያዘ።

ዶክተሯ የማንነቷን ነገር አልጠየቀችም፤ ከሁለቱም ፊት ላይ አነበበችው። እንክብልና አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣች። «ሐጃ፣ ልሙት ካላሉ በቀር አሁኑኑ ይዋጡ። እብጠቱ ወደ ጉሮሮዎ እየወረደ ነው። ትንፋሽ ከዘጋ እኔ የምችለው ነገር አይደለም።»

ነቢሃ ከንፈሯን ገጠመች። ሸዋድፊ ብርጭቆውን ተቀብሎ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ጠጪ።»

«አልጠጣም። ልጅህ ዕዳ ተሸክማ ተኝታ እኔ ውሃ ልጠጣ?»

«ዕዳ የለባትም።»

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?»

«ጾሜላታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ የመጨረሻው ነው።»

ነቢሃ ትኩር ብላ አየችው። ሰውዬው ሰሞኑን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት መግባት ማብዛቱን ዓይኑ ደክሞ ነው ብላ ነበር። ሸሚዙ ሲጋራ ሲጋራ አለመሽተቱን ኀዘን አስተወው ብላ ነበር። ጠዋት ጠዋት የምትቋጥርለት ሣህን ግን ባዶውን ነበር የሚመለሰው።

«ምሳህንስ?»

«የአናጢ ቤቱ ድመቶች ናቸው የበሉት። ዓሣሽን ለምደው እንደ ፓሻ ሰብተዋል።»

ዶክተሯ ትመርቀዋለች ብላ ጠበቀች፤ እኔም ብሆን ይኸንኑ እጠብቅ ነበር። ነቢሃ ግን ደረቱን በጡጫ መታችው።

«ማን ጨርስ አለህ? ማን አለህ? ለሷ የማደርገው የቀረኝ ይኸው ብቻ ነበር! ጠዋት ስነሣ ትፈልገኛለች እያልኩ ነበር የምነሣው። አሁን ምን ላድርግላት?»

ውሃው በእጁ ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆውን አልለቀቀም።

«አላውቅም፣ የሪሃም እናት» አለ። «እኔም ከትናንት ጀምሮ እሱኑ ነው የማስበው።»

ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ስም ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። ከብርጭቆው የተረፈውን ውሃ ተቀብላ እንክብሉን ዋጠች። ግማሹ በደነዘዘው ከንፈሯ በኩል ከእንባዋ ጋር አገጯ ላይ ወረደ።

ማምሻውን ነቢሃ ሩዝና ነጭ አይብ አቀረበችና ፊት ለፊት ተቀመጡ። አዛን ሲሰማ ሸዋድፊ አንድ ቴምር አነሣ። ጾም ሳይዘገይ ይፈታል እያለ ሪሃምን በልጅነቷ ሲያጣድፋት የኖረ እሱ ነበር። አዛኑ አለቀ፤ የጎረቤት መስጊዱም አዛን አለቀ። ቴምሩ ግን ገና ጣቶቹ መሐል ነበር።

«ብላ እንጂ።»

«እበላለሁ።»

መስኮቱ ጨለመ፤ ሩዙ በረደ። አሁንም አልበላም፤ እሷም ደግማ ብላ አላለችውም። በመጨረሻ ቴምሩን ከእጁ ወስዳ ለሁለት ከፈለችው፤ ፍሬውን አወጣችና ግማሹን አጎረሰችው። የራሷን ግማሽ በደህናው ጥርሷ በኩል ይዛ ቀስ ብላ አኘከች፤ ሁለቱም ለመዋጥ አልቸኮሉም።