ያልተሻረው ዳኛ

እናቱን ብትጠይቋቸው፣ «በልጅነቱ ሰው ተጣልቶ ካየ መሃል ገብቶ ሳያስታርቅ እህል አይቀምስም ነበር፤ ለዳኝነት የተፈጠረ ልጅ ነው» ይላሉ። ሚስቱን ከጠየቃችሁ ደግሞ፣ «ጥብቅና ጀምሮ ዳኛ ፊት ሲቆም ጉልበቱ እየተብረከረከ አስቸገረው፤ ተቀምጦ የሚሠራበት ወንበር ፈለገና አገኘ» ትላለች።

የሆነ ሆኖ ወንበሩ ተስማማው። ረዳት ዳኛ ሆኖ ገባ፣ ዳኛ ሆነ፣ ሰነባብቶም የችሎቱ ሰብሳቢ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ፍርድ በይግባኝ ተሽሮበት አያውቅም። ዘዴው ቀላል ነው፤ ነገሩ ጠጠር ሲልበት ይቀጥራል። ደግሞ ይቀጥራል። ባለጉዳዮቹ ወይ ይታረቃሉ፣ ወይ ታክቷቸው ይቀራሉ። ጠበቆች በሌለበት «ቀጥሮ አዳሪ» ይሉታል።

አሁን ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ታጭቷል። ሹመቱ የሚጸድቀው በሚመጣው ሳምንት ነው።

«አንድም ፍርድ ያልተሻረበት ብለው አመሰገኑኝ» አላት ሬጅስትራሯን፣ ካባውን እየደረበ።

«መቼስ ያልተጣደ ድስት አያርርም፣ ክቡር ዳኛ» አለች።

ሳቀ። አባባሏ የጎረበጠው ችሎት ከገባ በኋላ ነው።

ከሳሿ ባላቸው ሲሞት የባላቸው ወንድም በሩን ቆልፎ ከቤታቸው ያስወጣቸው ሴት ናቸው። ቤቱ የቆመው በወንድማማቾቹ የጋራ ቦታ ላይ ስለሆነ ሕጉ ወደዚህም ወደዚያም ይጎተታል። እሱ እውነቱ የእሳቸው መሆኑን ካመነ ቆይቷል። ግን የተከሳሹ ጠበቃ ይግባኝ ማለቱ አይቀርም፤ የበላዮቹ ቢሽሩት ደግሞ ምስጋናውም ሹመቱም ውሃ በላቸው ማለት ነው።

ጠበቃው ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተጨማሪ ማስረጃ ስላለን የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጠን።»

ሹመቱ ከጸደቀ በኋላ! ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው። የዳኛው ብዕር ሳይታዘዝ ወደ አጀንዳው ሄደ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላቸው ሴትዮዋን፣ ለወጉ ያህል።

«እኔማ ምን እላለሁ ጌታዬ? ቀኑን ብቻ ንገሩኝ። የማድረው ጎረቤቴ ኩሽና ነው፤ ‹ዛሬስ እንዴት ሆነ?› ስትለኝ የምመልስላት ልያዝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ቢጮሁበት ኖሮ ገሥጾ ያስቀምጣቸው ነበር፤ ይህን ያውቅበታል። እሳቸው ግን ቀጠሮውን ሰው ዝናብን እንደሚቀበል ነው የተቀበሉት። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ለመሄድ እንኳ ተሰናድተዋል።

ብዕሩን አስቀመጠ።

ጠበቃው ነገሩ አላማረውም። «ይግባኝ መብታችን መሆኑን ለማስታወስ ያህል፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«መብታችሁ ነው፤ ዛሬውኑ አቅርቡ» አለ ዳኛው። «ቀጠሮ አልሰጥም። የሴትዮዋ በር ይከፈት።»