የቅዳሜ ሹር ቄጠማ

እንየው በቅዳሜ ሹር ማለዳ የፍሳሽ ማጣሪያው ዘንድ ሲደርስ ቄጠማው የለም። ትናንት በወገብ ልክ ቆሞ የነበረው ለምለም ሁሉ ከነሥሩ ተነቅሏል። ጠጠሩ ተገላብጦ ጥቁር ውሃ ላዩ ላይ ተኝቷል።

ማጣሪያው ከእንጅባራ ብዙም ለማትርቀው መንደራቸው ከተሠራ ሁለት ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤቱና የጤና ኬላው ሽንት ቤት፣ እንዲሁም የልብስ ማጠቢያው ፍሳሽ ዝቃጩን በሲሚንቶ ጉድጓድ ይጥልና ቄጠማ በተተከለበት ጠጠር ውስጥ ለውስጥ አልፎ በሀሊሜ ማሳ ዳር ወደ ወንዝ ይወርዳል። እንየው ጠባቂው ነው። ጎመን አልምታ ገበያ የምታወጣው ሀሊሜ፣ ቦዩ በመሬቷ እንዲያልፍ ስትፈቅድ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የሸተተኝ ቀን በአፈር እደፍነዋለሁ።» ቦዩ ከተደፈነ ፍሳሹ ተመልሶ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ላይ ነው የሚተኛው።

ማን እንደነቀለው መጠየቅ አላስፈለገውም። በጋው ጠንክሮ የምንጩ ዳር ቄጠማ ሁሉ ደርቋል፤ ዛሬ ደግሞ ካህናት ለምእመናን ቄጠማ የሚያድሉበት፣ ሰዉም በራሱ ላይ የሚያስርበት ቀን ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ።

ቄስ ወገኔ የቄጠማውን እስር ሊያድሉ ተነሥተዋል። ሦስት ዲያቆናት ቀድመው በራሳቸው ላይ አስረዋል።

«አባ፣ ይህን ቄጠማ አያድሉት።»

«ምነው? የመንግሥት ነው ልትለኝ ነው?»

«የበቀለው በሽንት ቤት ፍሳሽ ላይ ነው።»

አንደኛው ዲያቆን ከራሱ ፈትቶ አሸተተው።

«አንተው አይደለህ እንዴ» አሉ ቄሱ፣ «እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ይኸ ንጹሕ ነው› የምትለው?»

«ንጹሕ ያልኩትማ የሚወጣውን ውሃ ነው፣ አባ። እድፉን የሚያስቀረው ጠጠሩና ቄጠማው ነው።»

«ታዲያ ይህን እስከ ዛሬ ምነው ዋጥኸው?»

እንየው አቀረቀረ። ሰው «የሽንት ገበሬ» እያለ ሲስቅበት ስለከረመ፣ የሚያኮራውን ቃል ብቻ መርጦ ሲናገር ኖሯል።

«ለጥቂት ነው የዳንነው!» አለች ቄጠማ ለመቀበል ከተሰበሰቡት ሴቶች አንዷ፣ ብርሃን። «የሽንት ቤት ዘውድ ጭነን ፋሲካ ልንገባ!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ቄሱም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉና ዲያቆናቱን ተቆጡ፤ «ምን ትገተራላችሁ? ሥሩ ሳይደርቅ መልሳችሁ ትከሉ! አንዳችሁ በባጃጅ ጥርባ ሂዱና ከሐይቁ ዳር ሌላ አምጡ።»

እንየውና ዲያቆናቱ ቄጠማውን ተሸክመው ወደ ማጣሪያው ሲመለሱ ሀሊሜ ዶማ ይዛ ቦዩ ላይ ቆማለች። እንየው ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለገም።

«እታለም፣ ሸቷል። ለሰው በቅጡ ባለማስረዳቴ ነቀሉት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«መቼ ሥር ይይዛል?»

«ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።»

ሀሊሜ ጎመኗን አየች፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው ጠጠሩ ውስጥ ያጎነበሱትን ዲያቆናትም አየች። ከዚያ አፈር ዛቀችና ቦዩን እስከ ግማሹ ደፈነችው።

«የትምህርት ቤቱና የጤና ኬላው በዚህ ያልፋል» አለች። «የማጠቢያው ግን አያልፍም። ቄጠማው ሥር እስኪይዝ ትዘጋዋለህ።»

«ዛሬ? በበዓል ዋዜማ?»

«ዛሬ። አለበለዚያ ይኸውልህ ዶማዬ።»

እንየው ቁልፉን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ማጠቢያው በር ላይ የፋሲካ ልብሳቸውን በዘንቢል የያዙ ሰባት ሴቶች ተሰልፈዋል። «ወንዝ መውረዳችሁ ነው፣ እናቶቼ» አላቸውና፣ ስድባቸውን እየሰማ፣ ምክንያቱን ከሽንት ቤቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነግራቸው ጀመር።