የጥምቀት ዕለት የሞተው አውራ በግ ሳንባ

አልታየች ትንፋሿን ያዘችና መርፌውን አወረደች። በማይክሮስኮፑ ሥር ከሲጋራ ወረቀት የሳሳ የበግ ሳንባ ቁራጭ ቀለም ጠጥቶ መስታወቱ ላይ ተዘርግቷል። ከዚያ ሁሉ ሕዋስ መካከል የምትፈልገው ሁለት መቶ ብቻ ነው፤ ያውም ትልልቆቹን፣ በሽታው የሚደበቅባቸውን። ሌላው ከተቀላቀለበት ምርመራው ይደናገራል። ቤቷ በርበሬ ስትቀነጥስ ግማሹን ከነግንጩ የምታስፈጭ ሴት መሆኗን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። እዚህ ግን ራሷ በእሳት ስባ ባቀጠነችው የመስታወት መርፌ፣ በባዶ ዓይን የማይታየውን አንድ በአንድ ትለቅማለች።

«ስንት ደረሰ?» አለ ከኋላዋ ጓድ ብርሃነ መስቀል። በአንድ መንጋ ጠባቂ ላይ የቀረበውን ክስ እንዲያጣራ ከበላይ የተላከ ሰው ነው።

«ስልሳ ሦስት። በጠየቁኝ ቁጥር አንድ ይወድቅብኛል።»

«እንግዲያው ዝም ልበል።»

ዝም አለ። ጫማው ግን ይንቋቋ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ይነሳል። ናሙናውን ይዞ ውጭ አገር የሚሄደው ዶክተር ኃይለ ገብርኤል ነገ ጠዋት አውሮፕላን ይሳፈራል። የሕዋስን ዘር አንብቦ በሽታውን የሚለየው ምርመራ ያለው እዚያ ነው። ካመለጣቸው ወልደአረጋይ አለቀለት።

ወልደአረጋይ የጎረቤላ ሰው ነው፤ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ባለችው የበግ ማርቢያ መንጋ ጠባቂ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰማንያ በግ ሳንባው እየደነደነ፣ እየከሳ አለቀ። «ከሰፈሩ የታመመ በግ አምጥቶ ቀላቀለ፤ አሻጥር ነው» ተባለና ታሰረ። አሻጥር ከተባለ በዚያ ዘመን ምን እንደሚከተል ማንም ያውቀዋል። እሱ ደግሞ «በሽታው ከውጭ ከመጡት አውራዎች ጋር የመጣ ነው» ይላል። ከነዚያ መጀመሪያ የሞተው በ1977 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ነበር፤ ያኔ ገና ለብቻው ተዘግቶበት ያገር በግ እንኳ አላየም። በሽታው በዚያ አውራ ሳንባ ውስጥ ከተገኘ ወልደአረጋይ ነጻ ነው።

የዚያ አውራ ሳንባ ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ አልታየች ፎርማሊን ውስጥ ያኖረችው ነው። በዓሉና እሑዱ አልፈው ሰኞ ሥራ ስትገባ ሬሳው ሸትቶ ስለ ቆየ፣ ሰሞኑን ስታየው ሕዋሱ ተበታትኖ የሚለቀም ነገር አልነበረውም።

ሁለተኛው የወልደአረጋይ ነው። እንስሳ ሲሞት ጠባቂው «ሸጠው፣ በላው» እንዳይባል ጆሮውን ከነቁጥሩ ቆርጦ ያስረክባል። የጥምቀት ዕለት ሰው ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ አልታየች የምትሠራበት የማርቢያው ላቦራቶሪ ተቆልፎ ሳለ፣ ጆሮውን ቆረጠ። ሆዱን ሲከፍተው የሳንባው መልክ አላማረውም። አልታየች ሥጋ በመድኃኒት ውኃ ስታኖር አይቷታልና፣ ቆረጥ አድርጎ ጆሮውንም ሳንባውንም ዳግም አረቄ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተታቸው። ሰኞ ሲያመጣላት ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ነበር።

«ጋሼ ወልደአረጋይ፣ በጉን ከሞተ በኋላ ሊያሰክሩት ነው?»

ሰው አሳቀች። የሞተውን ቁጥር ከጆሮው አይታ መዘገበች፤ ጠርሙሱን ከነጆሮው መለሰችለት። ሰውየው በጋቢው ሸፍኖ ይዞት ሄደ።

አሁን ዶክተሩ በደብዳቤው «ፎርማሊን ውስጥ ከርሞ ከሆነ ተስፋ የለውም፤ አልኮል ውስጥ የቆየ ካለ እሱን ላኪልኝ» ሲላት ያ የአረቄ ጠርሙስ ትዝ አላት። ወደ ጎረቤላ ላከች። በሦስተኛው ቀን የወልደአረጋይ ባለቤት ወለተ ጊዮርጊስ ጠርሙሱን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ማንም አልጠጣውም?» አለች አልታየች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«ወንድሜ አንዴ ከፍቶት ነበር። ጆሮው ብቅ ሲልበት ጊዜ እስከ ፋሲካ መጠጥ አልቀመሰም።»

ሁለቱም አልሳቁም።

መቶ አርባኛው ሕዋስ ላይ ስትደርስ ሾፌሩ «ሰዓት ደረሰ» ሊል በሩን በረገደው። የኅዳር ነፋስ እንደ ውሻ ዘሎ ገባ። አልታየች ማይክሮስኮፑ ላይ በደረቷ ተደፋች። በሩ ተዘግቶ ቀና ስትል የቁራጩ አንድ ጥግ ተገልብጦ ተጣጥፏል። ከተረፈው ላይ ገና ስልሳ መውጣት አለበት። ጓድ ብርሃነ መስቀል ሾፌሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ራሱ በሩን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ጫማውም አልተንቋቋም።

ሁለት መቶኛውን ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ጥላ ስትከድን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ማኅተምዎን» አለች።

«ይህ ጠርሙስ መዝገብ ላይ የለም።»

«ጆሮው ቁጥር አለው።»

«አለው። አራት ዓመት በተከሳሹ ቤት ለምን እንደኖረ የሚናገር ወረቀት ግን የለም። ሚስቱ ሰሞኑን የሌላ በግ ሳንባ ከትታው ቢሆንስ? እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልመልስ?»

«እጽፍልዎታለሁ።»

«ጓዲት አልታየች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእሱ የተባለው አሻጥር ላንቺም ይባላል። ገብቶሻል?»

ገብቷታል። ልጆቿ ምሳ ሊበሉ ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ነበር። ቁልፉን የት እንዳኖረችላቸው አሰበችና ብዕሩን አነሳች። «ጥር 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ወልደአረጋይ ይህንን ጠርሙስ አምጥቶልኝ ነበር። መቀበል ሲገባኝ ስቄ መለስኩት።» ፈረመች።

አነበበው። «‹ስቄ› የሚለውን አውጪው። ‹በቸልተኝነት› ይሻላል።»

«የሆነው ሳቅ ነው።»

ብዙ አያት። ከዚያ ማኅተሙን ትንፋሽ ሰጥቶ አሳረፈው። መኪናው የስድስት ሰዓት ፊሽካ ሳይነፋ በግቢው በር ወጣ።

የካቲት ውስጥ መልሱ መጣ፤ በአረቄ ከቆየው ሳንባ የበሽታው ዘር ተገኝቷል። ወልደአረጋይ በሳምንቱ ተፈታ። አልታየችም በዚያው ሳምንት ከላቦራቶሪ ወደ መኖ መጋዘን ተዛወረች፤ ፋጉሎ እያስመዘነች ታስረክብ ጀመር።

አንድ ቀን ወልደአረጋይ እዚያው መጋዘን በር ላይ መጣባት፤ ከስቷል፣ ጋቢው ሰፍቶታል።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«በእኔ መሳቅሽን ድሮ ረስቼዋለሁ» አለ ጆንያ ላይ እየተቀመጠ። «ወለተ ጊዮርጊስ ‹ያን ጠርሙስ ከቤት ካላወጣህ› እያለች፣ አራት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ያጣላሽኝን ነው ያልረሳሁት።»

«ታዲያ ለምን አልደፉትም?»

ወልደአረጋይ የጋቢውን ጫፍ ትከሻው ላይ መለሰ።

«አንድ ቀን ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር» አለ፣ «ቆየሽ እንጂ።»

አልታየች ሚዛኑን ለቀቀችና አጠገቡ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ፋጉሎ ሊያስመዝኑ የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ፤ አልተነሳችም።